ሁሉን የሚሰማው ሳጥን፦ የካዚኖ ካሜራ ክፍላችን የስልክ መቅጃ ከአሥራ አንድ ወር በኋላ

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል። በመጀመሪያው ሳምንት ብትጠይቁኝ አንድ ነበር የምሰጠው፣ እሷንም እየተናነቀኝ።

ላስ ቬጋስ ውስጥ አንድ ካዚኖ ሰርቬይላንስ ክፍል፣ የሌሊት ፈረቃ ነኝ። እዚህ ከተማ ያለ ሐበሻ ወይ ታክሲ ነድቷል፣ ወይ ካርታ አድሏል፣ ወይ ኬጅ (የካዚኖው ገንዘብ ቤት) ውስጥ ብር ቆጥሯል። እኔ ሁለቱን ቀምሼ ነው ወደ ካሜራው የገባሁት። ክፍላችን መስኮት የለውም። ግድግዳ ሙሉ ስክሪን፣ የቀዘቀዘ ቡና፣ ስልክ፣ በቃ። ሰው «ሰርቬይላንስ» ሲባል ካሜራውን ብቻ ነው የሚያስበው፤ እኛን ግን ሌሊቱን ሙሉ የሚያሯሩጠን ስልኩ ነው። ፒት ቦስ (የጨዋታ ጠረጴዛዎቹ ኃላፊ) ይደውላል፤ «ብላክጃክ ጠረጴዛ 12 ላይ በ10 ሺህ ዶላር የገባ አዲስ ሰው አለ፣ ዓይናችሁን ጣሉበት»። ኬጅ ይደውላል፤ ቺፕ (በብር ፈንታ የሚጫወቱበት) ወደ ጠረጴዛ ሊወጣ ነው። ሴኩሪቲ ይደውላል፤ ሰካራም ወድቋል፣ ቦርሳ ጠፍቷል፣ አንዱ አንዱን በጥፊ አጩሎታል። ከዚያ ሁሉ ጥሪ የሚተርፈው እኛ ሎጉ (የፈረቃ መዝገቡ) ላይ የጻፍነው ነው። የሰማነውን ጻፍን እንበል። አጣመን ከሰማንስ?

ሳጥኑ የመጣው ለዚህ ነው። የአምራቹን ስም አልጠራም። አንደኛ ሥራዬን እወዳለሁ፤ ሁለተኛ ከማማርርበት ግማሹ የሳጥኑ ሳይሆን የገጠሙት ሰዎች ጥፋት ነው።

ዕቃው ከካሜራ ሰርቨሮቹ ጎን የተሰካ ጥቁር ነገር ነው፣ የድሮ ቪዲዮ ዴክ የሚያክል። በክፍላችን ስልኮች የሚገባና የሚወጣ ጥሪ ሁሉ፣ የሴኩሪቲ ሬዲዮም ጭምር፣ እሱ ላይ ይቀመጣል። እኛ ኮምፒውተር ላይ ከፍተን በሰዓት፣ በውስጥ መስመር ወይም በደዋዩ ቁጥር እንፈልገዋለን። የስልኩ ድምፅ ጥርት ያለ ነው። ሬዲዮው ያው ሬዲዮ ነው፤ አፉ ውስጥ ትኩስ ድንች ይዞ የሚያወራ ሰው ነው የሚመስለው፣ ለዚያ ሳጥኑን አልወቅሰውም።

በጣም የምወዳት አንድ ቁልፍ አለችው። አሁን የተዘጋውን ጥሪ ወዲያው መልሳ ታሰማለች። ፋይል መፈለግ የለ፣ የይለፍ ቃል የለ። ፒት ላይ ያለው ሰው ከኋላው ማሽን እየጮኸ፣ ከጎኑ አንዲት ሴትዮ ጃክፖት ወጥቶላት እየዘለለች፣ የጠረጴዛ ቁጥር በጥድፊያ ጠርቶ ይዘጋል። ድሮ መልሶ መደወል ነበር፤ መልሶ ሲደወልለት ደግሞ ይቆጣል፣ «ነገርኩህ እኮ» ይላል። አሁን ቁልፏን ጫን፣ ስማ፣ ካሜራውን አዙር። ሦስት ሴኮንድ። ለዚች ቁልፍ ብቻ አንድ ሙሉ ኮከብ ሰጥቻለሁ።

አሁን ወደ ጣጣው ልግባ።

ሳጥኑ ከመምጣቱ በፊት አንድ ሌሊት የጽሑፍ ማስጠንቀቂያ በልቼ ነበር። ፒት ቦሱ «ሰርቲ» ብሎ ደወለ፤ እኔ «ሰርቲን» ሰማሁ። በእንግሊዝኛ 30 እና 13 በጩኸት መሀል መንታ ወንድማማቾች ናቸው፣ ለእኔ ለአማርኛ ጆሮዬማ አንድ ሰው ናቸው። እኔ 13ን አጉልቼ ሳይ፣ 30 ላይ አንዱ ካርዱ ጥሩ መሆኑን ካየ በኋላ በቺፑ ላይ ቺፕ ይደርብ ነበር። የጠረጴዛው ቋሚ ካሜራ ይዞታል፤ ግን ከላይ ከሩቅ ነው፣ የተደረበው ቺፕ አረንጓዴ ይሁን ጥቁር በደንብ አይለይም። አረንጓዴው 25 ዶላር ነው፣ ጥቁሩ 100። እሱ «30 ብያለሁ» አለ። እኔ «13 ነው ያልከው» አልኩ። የእሱ ቃል ከእኔ ቃል። የማን ቃል እንደሚከብድ ታውቁታላችሁ።

ሳጥኑ ከገባ በአራተኛው ወር ነገሩ ተደገመ። ያው ሰውዬ፣ ሌላ ጠረጴዛ። በዚህኛው ግን እርግጠኛ ነበርኩ፤ 16 ብሎኛል፣ 60 አላለም። ደስ አለኝ፣ አልዋሽም። «ሳጥኑን እንክፈት» አልኩ ደረቴን ነፍቼ። ከፈትን። 16 ይላል፣ ጥርት አድርጎ። ግን የጥሪው ሰዓት 2፡44 ይላል። ቪዲዮው ላይ እኔ ስልኩን ሳነሳ የሚታየው 2፡40 ነው። ሰውዬው ዓይኑን ሳያሽ፣ «ይሄማ ሁለተኛው ጥሪዬ ነው፣ የመጀመሪያው ላይ 60 ብዬሃለሁ» አለኝ።

ሁለተኛ ጥሪ የሚባል ነገር አልነበረም። የሳጥኑ ሰዓት ነው አራት ደቂቃ የቀደመው። ገጣሚዎቹ ካሜራዎቹ ከሚከተሉት ሰዓት ጋር አላገናኙትም፤ ሲገጠም በእጅ ሞልተውለት፣ ከዚያ እንደ አሮጌ የግድግዳ ሰዓት በራሱ ጊዜ ሲሮጥ ከርሟል። ይህን ለማስረዳት ሦስት ቀን ፈጀብኝ። የአንድ ሌሊት ጥሪዎችን በሙሉ አንድ በአንድ፣ ስልክ ሳነሳ ከሚያሳየው ቪዲዮ ጋር እያስተያየሁ፣ ሁሉም እኩል አራት ደቂቃ እንደሚዛነፍ ወረቀት ላይ ደርድሬ ነው የዳንኩት። እንግዲህ ይህን ዕቃ ልትገዙ የምታስቡ ካላችሁ፣ ወይም እናንተ ባትገዙም እንዳይጫንባችሁ ከፈለጋችሁ፣ የመጀመሪያው ቀን የመጀመሪያው ጥያቄ ይሄ ይሁን፦ ሰዓቱ ከካሜራው ሰዓት ጋር አንድ ነው ወይ? ውሃ ከጥሩ፣ ነገር ከሥሩ። አሁን ተስተካክሏል፣ በሴኮንድ ይገጥማል። ግን ያንን ሦስት ቀን የሚመልስልኝ የለም፣ ግማሽ ኮከብ ቀንሻለሁ።

ሌላው የሚገርመኝ የማቆያ ጊዜው ነው። በኔቫዳ የቁጥጥር ደንብ የቋሚ ካሜራ ቪዲዮ ቢያንስ 7 ቀን፣ ሰው ተይዞ የተጠየቀበት ወይም ወንጀል የታየበት ደግሞ 30 ቀን መቀመጥ አለበት። የእኛ ሳጥን ድምፁን 90 ቀን እንዲያስቀምጥ ነው የተሞላው። ደንበኛ ከወር በኋላ ሲከስ ፒት ቦሱ «ሰውየው ቺፕ ደርቧል» ሲል የሚሰማ ድምፅ አለን፤ ሲደርብ የሚያሳየው ምስል ግን ማንም ካላስቀረው ድሮ ተሰርዟል። ክሱን ሰምተህ ድርጊቱን አታይም። ጠበቃ ያንን ሲያገኝ ሠርግና ምላሽ ነው። አለቃዬን ሁለት ጊዜ ነገርኩት። አሁን ድምፅ ሲወጣ ቪዲዮውም አብሮ እንዲወጣ ሎጉ ላይ አንድ ምልክት ማድረጊያ ቦታ ጨምረናል። የሰው መፍትሔ ነው፣ የማሽኑ አይደለም።

ስለ ሕጉ ትንሽ፣ ምክንያቱም ብዙ የአገሬ ልጆች ሥራ ሲገቡ የሚፈርሙትን ወረቀት ገልብጠው አያነቡም። በፌዴራል ሕግ ከተናጋሪዎቹ አንዱ ከፈቀደ ስልክ መቅዳት ይቻላል። ኔቫዳ ግን ትጠብቃለች፤ የስልክ ጥሪ ለመቅዳት የሁሉም ተናጋሪዎች ፈቃድ ያስፈልጋል፣ የስቴቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤትም እ.ኤ.አ. በ1998 እንዲሁ ነው የተረጎመው። በአካል ቆማችሁ ለምታወሩት ወሬ ደንቡ ሌላ ነው፤ እዚያ የአንዱ ፈቃድ ይበቃል። ስለዚህ እኛ ወረቀት ፈርመናል፣ ስልኮቹ ላይ ተለጣፊ አለ፣ ከውጭ ለሚደውል ማስታወቂያ ይነበብለታል፣ በየ15 ሴኮንዱም ቢፕ ይላል። ቢፕ። ስምንት ሰዓት ሙሉ። የመጀመሪያው ወር ቤቴ ተኝቼም እሰማው ነበር።

ማስታወቂያው ጥሩ ነው፣ ለሕጉ። ለትዳር ግን ጥሩ አይደለም። ክፍላችን ውስጥ ሞባይል ክልክል ነው፤ መግቢያው ላይ ካዝና ውስጥ ቆልፈን ነው የምንገባው። ቤት ችግር ቢኖር ያለው ያ መስመር ብቻ ነው። ባለቤቴ ለመጀመሪያ ጊዜ ስትደውል «ይህ ጥሪ ይቀዳል» የሚለውን ሰማችና፣ እኔ ሄሎ ሳልል፣ «አንተዬ፣ እስር ቤት ነው እንዴ የገባኸው?» አለችኝ። ለካስ ዘመዷ ታስሮ ሳለ ሲደውልላት እንዲሁ ይባል ነበር። ከዚያ በኋላ እያሳጠረች መጣች። «ልጁ አተኩሶታል፣ ቻው።» በቃ። እንዴት ዋልክ የለ፣ አደርክ የለ። እኔም የምመልሰው እንደ ቴሌግራም ሆነ፣ የድሮውን ቴሌግራም ነው የምላችሁ፣ በቃል ብዛት የሚከፈልበትን።

ደግሞ ድምፅን ወደ ጽሑፍ የሚቀይር ተጨማሪ አገልግሎት አለው፣ በየዓመቱ ለብቻው የሚከፈልበት። እንግሊዝኛውን እንጃ፣ ደህና ነው፣ ቁጥር ላይ ይደናቀፋል። አማርኛ ሲሰማ ግን ያብዳል። «አማርኛ ነው፣ አላውቀውም» ብሎ መተው አያውቅበትም፤ እንግሊዝኛ አድርጎ በግድ ይጽፈዋል። ባለቤቴ «እግዚአብሔር ይመስገን» ያለችውን «ዛቪየር ዬስ መስክ ጋን» የሚል ነገር አድርጎት አረፈ። «ጋን» ደግሞ በእንግሊዝኛ ጠመንጃ ነው። ጠመንጃ የሚል ቃል ያለበት ጥሪ በራሱ ቀይ ባንዲራ ይሰካበታል። እናም አንድ ጠዋት አለቃዬ ጠርቶ በትሕትና፣ ጉሮሮውን እየጠረገ፣ «እ... ዛቪየር ማነው?» አለኝ።

ሳቅን በመጨረሻ። ግን ከሳቁ በኋላ አንድ ነገር ከነከነኝ። ይህ ሰው የሚስቴን ጥሪ አንብቧል ማለት ነው። ስለ ግል ጥሪ አሜሪካ ውስጥ የታወቀ ፍርድ አለ፤ እ.ኤ.አ. በ1983 መቀመጫው አትላንታ የሆነው የፌዴራል ይግባኝ ፍርድ ቤት፣ አሠሪ የሠራተኛን ጥሪ ሲያዳምጥ የግል መሆኑን ካወቀ መስማቱን ማቆም አለበት ብሏል። ጉዳዩ የአንዲት የሽያጭ ሠራተኛ ነበር፣ ስለ ሌላ ሥራ ቃለ መጠይቅ ከጓደኛዋ ጋር ስታወራ ተሰምታ። ያ ፍርድ ቤት ኔቫዳን አይገዛም፤ ሐሳቡ ግን ለማንም ይገባል። ሰው መስማቱን ሊያቆም ይችላል፤ ሳጥኑ ግን አያቆምም። ይሄ የግል ነው ብሎ ጆሮውን የሚይዝ ሳጥን አልተሠራም።

ቁልፉ በማን እጅ ነው የሚለው ደግሞ ሌላ ጉድ። መጀመሪያ ሲገጠም የሳጥኑ የይለፍ ቃል የነበረው ኮምፒውተር ክፍል ነው። በእኛ ሥራ ሰርቬይላንስ ለብቻው የሚቆም ነገር ነው፤ የምንጠብቃቸው ሰዎች አለቆቻችን ሊሆኑ አይገባም፣ ቅጂያችንም በእነሱ መዳፍ ሊሆን አይገባም። ኬጁን እየተከታተልን ስለ ኬጁ የምናወራውን የኬጁ ኃላፊ ወዳጅ ቢያዳምጥ ምን ዋጋ አለው? ሳጥኑ ማን ምን ሰዓት የትኛውን ጥሪ እንደከፈተ መዝግቦ ያስቀምጣል፣ ይሄ በጣም ጎበዝ ያሰኘዋል። ያንን መዝገብ ስናየው ነው ከእኛ ክፍል ያልሆነ ሰው አሥራ ሰባት ጥሪ ከፍቶ እንዳዳመጠ ያወቅነው። «ልምምድ ነበር» አለ። እሺ። አሁን ቁልፉ ከእኛ ዳይሬክተር ጋር ነው።

ይህን ሁሉ ካማረርኩ በኋላ ለምን ሦስት ተኩል ሰጠህ ትሉ ይሆናል። ምክንያቱም የዘንድሮ ሌባ ጭምብል አድርጎ አይመጣም፣ ይደውላል። እ.ኤ.አ. 2023ን አስታውሱ። በመጋቢት ኮሎራዶ፣ ብላክ ሆክ የምትባል የካዚኖ ከተማ ውስጥ አለቆችሽ ነን ብለው ደውለው አንዲት የኬጅ ገንዘብ ያዥን 500 ሺህ ዶላር አስወጧት። ራሷ መኪና ነድታ ሆስፒታል ድረስ ወስዳ አስረከበች። ካሜራው ብሩን ይዛ ስትወጣ ጥርት አድርጎ አይቷታል! በሰኔ ደግሞ እዚሁ ዳውንታውን ሰርካ ካዚኖ፣ የሆቴሉ ባለቤት ነኝ ባይ ደወለ፤ ለእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት አስቸኳይ ክፍያ ነው ብሎ በተለያየ ጊዜ 1.17 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። በመስከረም ትልቁ የካዚኖ ኩባንያ ኤምጂኤም ተመታ፤ ሰርጎ ገቦቹ ሠራተኛ መስለው ለኮምፒውተር እርዳታ ክፍል ደውለው ነው የገቡት ተብሎ ተዘገበ፣ ኩባንያው ራሱ ጉዳቱን ወደ 100 ሚሊዮን ዶላር አስጠግቶ ነው የተናገረው። ሦስቱም በር የተከፈተው በስልክ ነው። እኛ ጣሪያ ላይ ያለውን ሁሉ ካሜራ ስንወለውል፣ ሌባው በጆሮ ገባ።

መቅጃ ሌባ ያስቆማል አልልም። የሚያስቆመው ስልኩን ዘግቶ በታወቀው ቁጥር መልሶ መደወል ነው። ግን ከዚያ ወዲህ ከኬጅ ያልተለመደ ብር ሲወጣ መጀመሪያ ለእኛ ይደወላል፣ ማን አዘዘህ ብለን እንጠይቃለን፣ መልሱም ይቀዳል። አዲስ የሚገባ ሠራተኛ ሲሠለጥን የሰው ስም የተቆረጠባቸው እውነተኛ ጥሪዎች ይሰማል፤ አጣዳፊውን፣ ለስላሳውን፣ ስምህን አስር ጊዜ የሚጠራውን። በወረቀት ከሚነበብ መቶ መመሪያ ያ ይበልጣል።

ያው አፍ ሲያመልጥ ራስ ሲመለጥ አይታወቅም፤ እኔም የራሴን ድምፅ ሰምቼ አፍሬያለሁ። ለአንድ ፈሪ አዲስ ዲለር (ካርታ አዳይ) የመለስኩትን መልሼ ስሰማው፣ ወይ ጉድ፣ ይሄ ነው እንዴ እኔ አልኩ። አሁን ቀስ ብዬ ነው የማወራው። ይሄኛውን ለማን ኮከብ እንደምቆጥረው አላውቅም።

የቀረችው አንድ ትልቅ ቅሬታ ናት፣ ከሁሉም የምትብሰው። ድሮ ሰው ይደውልልን ነበር። ዲለር፣ የጽዳት ሠራተኛ፣ አስተናጋጅ። ስሙን አይናገርም። «ሦስተኛው ባር ላይ ያለውን ልጅ እዩት» ይልና ይዘጋል። የያዝናቸው ትልልቅ ነገሮች ብዙዎቹ የተጀመሩት በእንደዚያ ዓይነት ሹክሹክታ ነው፣ በካሜራ አይደለም፤ ካሜራው የት ማየት እንዳለበት ሰው ነው የሚነግረው። ቢፑ ከመጣ ወዲህ ሹክሹክታው ጠፋ። ማን ይደውል? ቁጥሩ ይታያል፣ ድምፁ ይቀራል፣ ድምፁን ደግሞ አብሮት የሚሠራ ሁሉ ያውቀዋል። ሻጮቹ ሲመጡ ይህን ጠየቅኳቸው። ስለ ዲስክ መጠን መለሱልኝ።

ከብዙ ንዝነዛ በኋላ ከሁለት ወር በፊት አንድ መስመር ከሳጥኑ ተነቀለ። አሮጌ ክሬም ቀለም ያለው ስልክ፣ የደዋይ ቁጥር የማያሳይ፣ ከፕሪንተሩ ጎን። ቁጥሩን በሠራተኞች መመገቢያ ክፍል ለጠፍን፣ «ይህ መስመር አይቀዳም» የሚል ከሥሩ ጽፈን። ሰባት ሳምንት አልጮኸም። አቧራ ጠጣ። አንዱማ ኩባያውን ማስቀመጫ አድርጎት ነበር።

ባለፈው ሐሙስ ሊነጋጋ ሲል ጮኸ። አነሳሁ። የሰው ትንፋሽ ይሰማል፣ ከኋላው የሳህን ድምፅ።

«ይሄ ይቀዳል?» አለ።

«አይቀዳም» አልኩት።

ዝም አለ። አልዘጋም። ትንፋሹ ይሰማኛል። መጀመሪያ ፈርቶ መሰለኝ፤ በኋላ ነው የገባኝ፣ ቢፑን እየጠበቀ ነበር። አሥራ አምስት ሴኮንድ ያህል ጠበቀ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠረገና ጀመረ።